ቀለበቱን ጠርጥረን

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ትንሽ የሴቶች ጸጉር ቤት አለችኝ። ጸጉር የምታጥብልን ልጅ እጮኛዋ ቀለበት ባሰረላት በሁለተኛው ወር ከቀለበቱ ስር ቆዳዋ ቀላ። ከዚያ ማሳከክ፣ ከዚያ መላላጥ። ጸጉር ቤት ደግሞ ወሬ አይጠፋም። «አቦ፣ ወርቁ ፎርጅድ ነው!» ተባለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጅቷ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሳምንት ሙሉ የልጁን ስልክ አታነሳም ነበር።

ቀለበቱ ወልቆም እጇ ባሰበት። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ሰላጣ ላይ ሎሚ ስትጨምቅ እጇን ጨብጣ ብድግ አለች። ጣቶቿ መሐል በምላጭ የተሰነጠቀ የሚመስል ቀጭን መስመር ነበር። ደም አዝሏል።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ዶክተሯ ስለ ወርቁ ምንም አላለችም።

«በቀን ስንት ሰው ታጥቢያለሽ?»

«ሃያ ይሆናል።»

«በጓንት?»

ልጅቷ ዝም ብላ እኔን አየችኝ። ጓንት የከለከልኩት እኔ ነኝ። ደንበኛ ይደብራታል ብዬ።

የቆዳ ላይኛው ክፍል እንደ ሐረሩ ጁገል ግንብ ነው አለችን። ሕዋሶቹ ድንጋዩ፣ መሐላቸው ያለው ቅባት ጭቃው። ሻምፖና ሙቅ ውሃ ጭቃውን አጥቦ ይወስደዋል። ያኔ የውስጡ እርጥበት ይወጣል፣ የውጪው ሳሙና ይገባል። የቀለበቱ ጥፋት ስሩ ሻምፖ ማስቀረቱ ብቻ ነበር።

ለአጭር ጊዜ የሚቀባ መድኃኒት ታዘዘላት። ከዚያ ሽታ የሌለው ቫዝሊን፣ እጇ ታጥቦ እርጥበቱ ሳይጠፋ፤ ማታ ወፈር አድርጋ ተቀብታ በጥጥ ካልሲ መሸፈን። በድሬ ሙቀት ጓንት ውስጥ ያለው ላብ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ከስር ስስ የጥጥ ጓንት ገዛንላት፣ እጥበቱንም ለሁለት ሰው አካፈልኩት። ደንበኞች ግን ማር ቀቢ፣ እሬት ቀቢ ማለታቸውን አልተዉም። ሎሚ ያለችም አለች፣ ያንን ምሳ አላየች!

በሦስተኛው ሳምንት እጇ ለሰለሰ። የበዓል ግርግር ነበርና «አሁንማ ድነሻል፣ ጓንቱን ተዪው» አልኳት። በአራት ቀን ተመልሶ ተሰነጠቀ። ላዩ ቢለሰልስም ውስጡ ገና እንደነበር ዶክተሯ ስትነግረኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከበዓሉ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ጓንቱን ሳታወልቅ ሠራች።

አሁን ሥራ ስትጀምር ቀለበቱን መስታወቱ ጎን ካለች ሚስማር ላይ ታንጠለጥለዋለች። ባለፈው እጮኛዋ ሊወስዳት መጥቶ አየው።

«ፎርጅድ ያላችሁት ይሄንን ነው?» አለን።

ሁላችንም ሥራ በዛብን።