በጌሙ ውስጥ ያልነበረው ቡድናችን

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር አደረጉ። ሳላዲን ሰኢድ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ በ10 ሰው የቀረው ቡድናችን አንድ ለዜሮ ከተመራ በኋላ በአዳነ ግርማ ጎል አቻ ለመውጣት በቃ። በማግስቱ ታናሽ ወንድሜ ያንን ጨዋታ በኮምፒውተር ደግመን እንድንጫወተውና በዚህኛው ጊዜ እንድናሸንፍ ፈለገ። እኛ ቤት የነበረው ፔስ 6 የተባለ የእግር ኳስ ጌም ሲሆን፣ ከብሔራዊ ቡድኖቹ መካከል ኢትዮጵያ አልነበረችበትም።

ስለዚህ ቡድኑን እኛው ልንሠራው ተነሳን። ከማንጫወትባቸው ቡድኖች የአንዱን ቦታ ወሰድን፤ የተጫዋቾቹን ስም፣ ቁመትና ፍጥነት አንድ በአንድ ቀየርን። ጌሙ ፊደላችንን ስለማያውቅ ስሞቹን በላቲን መጻፍ ግድ ሆነብን፤ «ጌታነህ» በላቲን እንዴት እንደሚጻፍ ስንከራከር ያመሸንበትን ቀን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ከሁሉም የከበደን ማሊያው ነበር። የፔስ 6 ማሊያዎች በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ታሽገው የተቀመጡ ሥዕሎች ናቸው። አድናቂዎች የሠሩትና በነፃ የሚታደለው ኪትሰርቨር የተባለ ፕሮግራም ግን፣ ጌሙ ማሊያውን ከታሸገው ፋይል ሊያወጣ ሲል መንገድ ላይ ጠብቆ እኛ ካዘጋጀነው ፎልደር እንዲያነብ ያደርገዋል፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀራል። ሥዕሉ ከ256 ቀለም መብለጥ አልነበረበትም፤ ይህን ባላወቅንበት የመጀመሪያ ሙከራችን ቢጫው ማሊያ ሜዳ ላይ ሲወጣ ዥጉርጉር ሆኖ ታየን። በሦስተኛው ቀን ቀለሙ ተስተካከለ፤ አሥራ አንዱ ልጆች ቢጫ ለብሰው ተሰለፉ። የጨዋታው አስተላላፊ ድምፅ ግን ቡድናችንን በቀድሞው ባለቦታ ስም መጥራቱን ስላልተወ፣ ወንድሜ ድምፁን ዘግቶ ራሱ በአማርኛ ያስተላልፍ ጀመር።

ሞድ ማለት ይኸው ነው፤ ተጫዋቾች በገዛ ጊዜያቸውና ዕውቀታቸው ሠርተው ከጌሙ ጋር የሚያያይዙት ማሻሻያ ወይም ጭማሪ። ብዙ ሰው እንደ ማጌጫ ብቻ ያየዋል። እኔ ግን የአንድ ጌም ዕድሜ የሚወሰነው ሠሪዎቹ በሠሩት ብቻ ሳይሆን ለሌሎች በተዉት ቦታ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የጌም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ዱም የተባለውን ጌም ሲያወጣ ካርታዎቹን፣ ሥዕሎቹንና ድምፆቹን ከዋናው ፕሮግራም ለይቶ «ዋድ» በሚባል ፋይል ውስጥ አስቀመጣቸው፤ በ1997 ደግሞ ኮዱን ራሱን ለሕዝብ ለቀቀ። ከ30 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዛሬም አዳዲስ ካርታ የሚሠሩለት ሰዎች ያሉት በዚህ የተነሳ ነው። በ1998 የቫልቭ ኩባንያ ጌም ሃፍ ላይፍ ሲወጣም ሚን ሊ እና ጄስ ክሊፍ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በእሱ ላይ ካውንተር ስትራይክ የተባለ ሞድ ሠሩ፤ ቫልቭ ሥራውን ገዝቶ ሠሪዎቹንም ቀጥሮ በ2000 ለገበያ አቀረበው።

ፔስ እንዲህ ያለ በር ሆን ተብሎ የተከፈተለት ጌም አልነበረም፤ አድናቂዎቹ ራሳቸው ከፈቱት፤ ያስገደዳቸውም የክለቦችን ስምና ማሊያ የመጠቀም ፈቃድ ጉዳይ ነው። በፔስ 6 ከእንግሊዝ ክለቦች በእውነተኛ ስማቸውና ማሊያቸው የቀረቡት አርሴናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ብቻ ነበሩ። ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ የወንድሜ ሊቨርፑል ደግሞ «መርሲሳይድ ሬድ» ይባሉ ነበር፤ ስቲቨን ጄራርድ በእውነተኛ ስሙ፣ ለሌለ ክለብ ይጫወታል። ኳስን የሚወድ ሰው ይህን አይችለውም። አድናቂዎች መጀመሪያ ስሙን አስተካከሉ፣ ከዚያ ማሊያውን፣ ከዚያ ስታዲየሙንና ኳሱን፤ ቀጥሎም በየዓመቱ የዝውውሩን ዜና እየተከተሉ ተጫዋቾቹን ከክለብ ክለብ ያዘዋውሩ ጀመር። ጌሙ ሲወጣ ገና ያልተወለዱ ልጆች አድገው የዘመኑ ተጫዋች ሲሆኑ እነሱም ገቡበት። የኮምፒውተሩ ፔስ 6 በፕሌይስቴሽን 2 ደረጃ የተሠራ ስለሆነ በአነስተኛ ላፕቶፕ ያለ ችግር ይሄዳል፤ አዲስ ኮንሶል መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የእኛም ቤት ከእነዚያ አንዱ ነበር።

ሞድ ከመጨመርም አልፎ የተሰበረውን ይጠግናል፤ እኔን በይበልጥ የሚነካኝም ይህ ነው። ትሮይካ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2004 እ.ኤ.አ. ቫምፓየር፡ ዘ ማስኬሬድ ብለድላይንስ የተባለውን ጌም ሲያወጣ ጽሑፉና ገጸ ባሕርያቱ ድንቅ፣ ፕሮግራሙ ግን በስሕተት የተሞላ ነበር፤ ታሪኩ መሃል ላይ ጌሙ ተበላሽቶ ወደፊት የማያስኬድበት ቦታ እንኳ ነበረው። በ2005 ኩባንያው ተዘጋ፤ ሊጠግነው የሚችል ባለቤት አልቀረም። ሥራውን የተረከበው በሙያው ኬሚስት የሆነ አንድ ጀርመናዊ ነው፤ ዓመት ከዓመት ስሕተቶቹን እየለቀመ አስተካከለ፣ ሠሪዎቹ ጊዜ አጥተው ዲስኩ ላይ ትተዋቸው የሄዱ ንግግሮችንና ቦታዎችንም አውጥቶ መለሳቸው። ጎግ የተባለው የጌም መደብር ዛሬ ብለድላይንስን የሚሸጠው ያንን ጥገና አካትቶ ነው። ጌሙን አሁን የሚገዛ ሰው የሚጫወተው ሠሪዎቹ ካወጡት የተሻለውን ነው፤ ገንዘቡ ግን ወደ ጠጋኙ አይሄድም።

ክፍያን በተመለከተ በ2015 እ.ኤ.አ. ቫልቭና የስካይሪም ጌም ሠሪ የሆነው ቤተዝዳ ለስካይሪም ሞዶች ዋጋ እንዲተመንላቸው ፈቀዱ፤ ለሠሪው የሚደርሰው 25 በመቶ ብቻ ነበር። ተጫዋቾች ተቃውመው ዕቅዱ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። ድርሻው አነስተኛ መሆኑና አንዱ የሌላውን ሥራ ወስዶ መሸጥ መቻሉ በእርግጥ አሳሳቢ ነበር። ሆኖም ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ለኖረ ሰው ገንዘብ መጠየቁ ነውር እንደሆነ አድርገው የጻፉ ነበሩ፤ እነሱን ልደግፋቸው አልችልም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሰጋኝ የሚዘጋው በር ነው። የተጫዋቾቹ መረጃ፣ ማሊያውና ስሙ ሁሉ ከኩባንያው ሰርቨር በሚመጣበትና ያለ ኢንተርኔት በማይከፈት ጌም ውስጥ፣ ሁለት ወንድማማቾች ተቀምጠው ኢትዮጵያን ሊጨምሩ አይችሉም። ሰርቨሩ የጠፋ ዕለት ደግሞ የሚጠገን ነገር ራሱ አይኖርም፤ ፋይሉ በእጃችን አልነበረምና።

የእኛ ፎልደር አሁንም አለ፤ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩት እዚህ ደርሷል። ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ አገኘውና የአሁኖቹን የዋልያዎች ተጫዋቾች በአሮጌዎቹ ቦታ ማስገባት ጀመረ። ሳላዲንን፣ ጌታነህንና አዳነን ግን እንዳይነካቸው አባቱ ከለከለው። የአስተላላፊው ድምፅ እንደተዘጋ ነው፤ አሁን የሚያስተላልፈው ልጁ ነው።