ስለ ኮሪያ ፖፕ ባህል ሳነብ

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው ስለ ኮሪያ ፖፕ ባህል የተጻፉ ጥናቶችን ነው። ድራማውን ጋደም ብሎ ማየት ይቀል ነበር። እኔን ግን ስለ ድራማው የሚጻፈው ያዘኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች መገረም ይበዛባቸዋል። የኮሪያው ድራማ «ዊንተር ሶናታ» በ2003 ጃፓን ውስጥ መታየት ሲጀምር፣ ጠና ያሉ ሴቶች በተዋናዩ ቤ ዮንግ ጁን ፍቅር አበዱ። በ2004 ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ በሺዎች ወጥተው ተቀበሉት። ጃፓን ኮሪያን ቅኝ የገዛች አገር ናት፤ አጥኚዎቹን የገረማቸውም ይኼው ነው። ያኔ ነገሩ ገና የእስያ ጎረቤታሞች ጉዳይ ነበር።

ቀጥሎ የመንግሥትና የገንዘብ ጥናት መጣ። እዚህ ላይ የማትቀር አንዲት ታሪክ አለች። በ1994 ለፕሬዚዳንት ኪም ዮንግ ሳም የቀረበ ሪፖርት፣ የአሜሪካው ፊልም «ጁራሲክ ፓርክ» ያስገባው ገንዘብ 1.5 ሚሊዮን የህዩንዳይ መኪና ከመሸጥ ጋር እኩል ነው ይላል። መንግሥት ባህልን ለውጭ ገበያ ለማቅረብ ያቀደው ከዚህ ተነስቶ ነው ይባላል። ጥሩ ታሪክ ናት፤ በየጽሑፉ ስትደጋገም ግን ትሰለቻለች። ደግሞስ መንግሥት ስላቀደ ብቻ ማን የማንን ዘፈን ይወዳል?

በ2012 ሳይ የተባለው ኮሪያዊ ዘፋኝ «ጋንግናም ስታይል» በዩቲዩብ 1 ቢሊዮን ጊዜ የታየ የመጀመሪያው ቪዲዮ ሆነ። ጥናቱም ወደ ኢንተርኔት ዞረ፤ ከዚያ ወደ አድናቂዎቹ። በጥር 2020 ለንደን በሚገኘው ኪንግስተን ዩኒቨርሲቲ ቢቲኤስ ስለተባለው የኮሪያ የዘፋኞች ቡድን ብቻ የሚመክር ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ቢቲኤስና ኩባንያው ለጥቁሮች መብት ንቅናቄ 1 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጡ፣ አድናቂዎቹ ያንኑ ያህል በአንድ ቀን ገደማ አዋጡ። ከአጥኚዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው አድናቂ ናቸው፤ አይደብቁትም። ጽሑፋቸው ነፍስ አለው። አንዳንዴ ግን ፍቅሩ ይበዛና ምርምሩ ውዳሴ ይሆናል።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ጥናቱ ሁሌም የተሳካለትን ተከትሎ ይሮጣል። በ2009 ቲቪኤክስኪው የተባለው የኮሪያ የዘፋኞች ቡድን ሦስት አባላት ኩባንያችን በ 13 ዓመት ውል አስሮናል ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። እነሱ እንኳ ስም ነበራቸው። ስንት ልጅ ዓመታት ሠልጥኖ መድረክ ሳይረግጥ ቀርቷል! ስለነዚህ የተጻፈው ከአድናቂዎቹ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ከ2021ዱ «ስኩዊድ ጌም» ወዲህ ግን ጥያቄው ትንሽ እየተቀየረ ነው። ድራማው የኮሪያ፣ ባለመብቱ የአሜሪካው ኩባንያ ኔትፍሊክስ። ታዲያ ትርፉ የማን ነው? ከእንግዲህ የማነበው ይኼን ነው፤ የአድናቂዎቹ ለጊዜው በቅቶኛል።