በግ ሳይታረድ ጉበቱ ይታያል?

አባዬን ከሰላ ድንጋይ ደብረ ብርሃን ያመጣኋቸው በመስቀል ማግስት ነው። ለበዓሉ ካረዱት በግ አንድ ጉርሻ እንኳ አልወርድ ብሏቸው ነበር። ቀኝ ጎናቸውን ይከብዳቸዋል። ደም ሰጡ፣ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ተገኘባቸው፣ «የጉበት ኢንዛይማቸው ትንሽ ነው የጨመረው፣ አያሳስብም» ተባልን። ቫይታሚን ገዝተን ገባን።

ማታ ፈተና እያረምኩ የላቦራቶሪውን ወረቀት ገልጬ አየሁት። ሁለቱ የጉበት ኢንዛይሞች ኤኤስቲ 74፣ ኤኤልቲ 64፤ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት 112 ሺህ። ፕላትሌት ከ150 ሺህ መውረድ አልነበረበትም፤ ማንም ግን ልብ አላለውም። ነርስ የሆነ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። «ኢንዛይሙ ዛሬ ስንት ሴል እንደተጎዳ እንጂ እስካሁን የተከማቸውን ጠባሳ አይነግርህም። ጉበት ጠባሳ ሲበዛበት ደሙ ማለፊያ ያጣና ወደ ጣፊያ ይመለሳል፣ ጣፊያ ያብጥና ፕላትሌቱን ይዞ ያስቀረዋል» አለኝ። የጉበት ጠባሳን ከደም ምርመራ የሚገምት ፊብ ፎር የሚባል ስሌትም ነገረኝ፦ ዕድሜ ሲባዛ በኤኤስቲ፤ ይህ ሲካፈል፣ ፕላትሌት (በሺህ ተቆጥሮ) በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ለሚገኘው።

ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የ64 ስኩዌር ሩት ማሽን አይፈልግም። ዕድሜያቸው 58 በ74፣ 4,292። 112 በ8፣ 896። ሲካፈል 4.79። ከ1.45 በታች ቢሆን ከባድ ጠባሳ የለም ለማለት ያስደፍር ነበር፤ ከ3.25 በላይ ግን ክፉ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ነበር የሠራሁት፣ የአንዱ ተማሪ ወረቀት ጀርባ ላይ።

አዲስ አበባ ስፔሻሊስት ዘንድ ሄድን። አባዬ ስሌቱን አላመኑም።

«ዶክተር፣ በግ ሳይታረድ ጉበቱ ይታያል? ወግታችሁ ቁረጡና እዩት እንጂ።»

ዶክተሩ ሳቀ። «ይቻላል አባባ፣ ባዮፕሲ እንለዋለን። ጠባሳው ከዜሮ እስከ አራት ደረጃ ይሰጠዋል። ግን መርፌው የሚያወጣው ከጉበትዎ ከሃምሳ ሺህ አንዱን እጅ ያህል ነው። ፕላትሌትዎም አንሷል፣ ይደማሉ።»

አባዬ ዝም ብለው ቆዩ። «እውነት ነው፤ ግማሹን ትል የበላው፣ ግማሹ ደህና የሆነ ጉበት ስንቴ አውጥቻለሁ» አሉ። እኔ ያላሳመንኳቸውን ትሉ አሳመናቸው።

አልትራሳውንዱ ላይ የጉበቱ ገጽ ጎርበጥባጣ፣ ጣፊያውም ያበጠ ሆኖ ታየ፤ ሲሮሲስ፣ ማለት ጉበቱን የሞላ ከባድ ጠባሳ ነው፣ ባዮፕሲ ቀረ። የቀረው ጥያቄ ጉበቱ አሁንም ሥራውን ይሠራል ወይ የሚለው ነበር። ለዚህ ቢሊሩቢን (ጉበት የሚያስወግደው ቢጫ ነገር)፣ አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን) እና የደም መርጋት ይታያል፤ ሆድ ውስጥ ውሃ መኖሩና አእምሮ መደናገሩም አብሮ በነጥብ ይቆጠራል። አልቡሚናቸው ወደ 3.2 ዝቅ በማለቱ ብቻ አንድ ነጥብ ተጨመረባቸውና ውጤታቸው 6 ሆነ።

«ከስንት?» አሉ አባዬ።

«ከ15።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ወድቀሃል በለኛ!»

ትንሹ ነጥብ 5 እንደሆነ፣ 6 ደግሞ ከደህናዎቹ ምድብ እንደሚያስገባ እስከ ሸኖ ድረስ ሳስረዳቸው መጣሁ። አሁን በየቀኑ ቫይረሱን የሚገታውን ቴኖፎቪር ይውጣሉ፤ ካንሰር ቢነሳ ቶሎ እንዲገኝ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይታያሉ። ጎረቤት ሊጠይቃቸው ሲመጣ ግን አሁንም «ይኸው፣ አስተማሪ ልጅ እያለኝ ስድስት አመጣሁ» ይላሉ።