ወደ ኋላ የተመለሰው ውሃ

በአዲስ አበባ በአንድ የግል ክሊኒክ የጥገና ክፍል ኃላፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከጄኔሬተሩም ከቧንቧውም በላይ ያነጋገረን በእንግዳ መቀበያው የቆመው አኳሪየም ነበር። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እስከ አፉ ሲሞላ 360 ሊትር ይይዛል፤ ሩቡን በየሳምንቱ መቀየር ማለት 90 ሊትር ውሃ አውጥቶ ያንኑ ያህል መመለስ ነው። ሥራው በጀሪካን ይሠራ በነበረበት ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ «ከበሽተኛው ይልቅ እነዚህ ዓሣዎች አደከሙኝ» ይሉ ነበር፤ እውነታቸውንም ነበር።

አስተዳደሩ ዕቃ እንዲገዛ ሲፈቅድ መጀመሪያ የቀረበልን ከቧንቧ ጋር ተገጥሞ ቆሻሻውን ውሃ የሚስብ፣ ከዚያም አኳሪየሙን መልሶ የሚሞላ ረጅም ጎማ ነበር። ይህ ዕቃ ግፊት ባለበት ቤት ጥሩ ነው፤ የሚስበው ግን በቧንቧው ውሃ ኃይል በመሆኑ ቆሻሻውን ለማውጣት ብዙ ንጹሕ ውሃ አብሮ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ በቀረው ጊዜም ከሮቶ በደካማ ግፊት በሚወርድበት ሕንፃ ይህን መግዛት አልታየኝም። በዚያ ላይ ውሃው በቀጥታ ከቧንቧ ስለሚገባ ክሎሪኑ የዓሣዎቹን ስንጥብ ይጎዳል፤ ስለዚህ ውሃው አስቀድሞ በበርሜል ተቀምጦ ክሎሪን ማጥፊያው እንዲጨመርበትና ቅዝቃዜውም እንዲሰበር መረጥሁ።

ለማውጫ የወሰድነው መብራት የማይፈልገውን፣ በእጅ ተጨምቆ የሚነሳውን ተራ ሲፎን፣ ማለትም ውሃን ስቦ ወደ ታች የሚያወርደውን ጎማ ነው። ሰፊው አፉ ጠጠር ውስጥ ሲገባ ቀላሉ ቆሻሻ ከውሃው ጋር ይወጣል፤ ጠጠሩ ግን ከባድ ስለሆነ ጥቂት ተነሥቶ ይመለሳል። አፉ ከመጠን በላይ ከሰፋ የታሰበው 90 ሊትር የጠጠሩ ግማሽ ሳይጸዳ ያልቃል፤ ስለዚህ መካከለኛውን ገዛን።

ችግሩ የመጣው በመሙያው ፓምፕ ነው። የግዢ ሠራተኛው ካርቶኑን እያሳየ «ጋሼ፣ በሰዓት 1,000 ሊትር ይላል፤ ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?» አለኝ። ከዚያው ጽሑፍ በታች በደቃቁ የተጻፈው ከፍተኛ የማንሻ ቁመት ግን 1.5 ሜትር ነበር፤ የአኳሪየሙ አፍም ከወለሉ ልክ 1.5 ሜትር ላይ ነው። በሰዓት የሚባለው ሊትር የሚለካው ፓምፑ ውሃውን ምንም ከፍ ሳያደርግ ሲገፋ ነው። በርሜሉ ሙሉ ሳለ የውሃው ገጽ ወደ አኳሪየሙ ስለሚቀርብ ፍሰቱ ደህና ነበር፤ በርሜሉ እየጎደለ ሲሄድ ግን ውሃው ቀጥኖ ቀጥኖ ቆመ። ፓምፑን መልሰን 3 ሜትር የሚያነሣ ወሰድን፤ ሥራውም ቀለለ።

የቀለለ ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው አያቆይበትም። አንድ ቀን አኳሪየሙ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ፓምፑን የሚጠብቀው ልጅ ለሌላ ጥገና ወደ ላይኛው ፎቅ ተጠራ፤ እሱ ደረጃውን ሲወጣ መብራት ጠፋ። የጎማው ጫፍ እንዳይንሸራተት በድንጋይ ተጭኖ በአኳሪየሙ ውስጥ ከታች ተቀምጦ ነበርና ፓምፑ ሲቆም ውሃው በመጣበት መንገድ ወደ በርሜሉ መመለስ ጀመረ። በርሜሉ ሞላ፣ ከዚያም ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ አኳሪየሙም ጎድሎ በውስጡ ያለው የውሃ ማሞቂያ የላይኛው ግማሽ አየር ላይ ቀረ። ጥበቃው ጄኔሬተሩን ሲያስነሣ በአንድ ዲቫይደር ላይ የተሰኩት ማሞቂያውና ፓምፑ አብረው ሠሩ፤ የጋለው የማሞቂያው መስታወት ከታች እየሞላ የመጣው ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ተሰነጠቀ፤ ብሬከሩም ወረደ። ዓሣዎቹ ተረፉ። እኔን ያሳሰበኝ ግን እትዬ የፈሰሰውን ለመጥረግ ጨርቅ ይዘው ደርሰው የነበረ መሆኑ ነው፤ ብሬከሩ ባይወርድ ኖሮ እጃቸው ኤሌክትሪክ ባለበት ውሃ ውስጥ ይገባ ነበር።

አስተዳደሩ ልጁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲሰጠው ፈልጎ ነበር። እኔ በሪፖርቴ የጻፍሁት መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ሰው ዘወር ባለ ቁጥር የሚያጥለቀልቅ አሠራር ራሱ መለወጥ እንዳለበት ነው፤ ከጥቂት ክርክር በኋላ ደብዳቤው ቀረ። የጎማውን ጫፍ በመንጠቆ ከውሃው ገጽ በላይ ሰቀልነው፤ ማንም ሰው ዘንግቶ ወደ ታች ቢያወርደው እንኳ አየር ገብቶ ፍሰቱን እንዲቆርጥ በአኳሪየሙ ውስጥ በኩል ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጎማው ላይ አነስተኛ ቀዳዳ በሳንበት። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስተላልፍ ቫልቭ ይገጠም የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ቆሻሻ ሲገባበት ሳይዘጋ ስለሚቀር አልወደድሁትም። ማሞቂያው የራሱ ሶኬት ተሰጠው፤ ውሃ ከመቀነሱ በፊት ይነቀላል፣ አኳሪየሙ ሞልቶ ሲያበቃ ይሰካል። በተሰነጠቀው ምትክም በአንድ ትልቅ ማሞቂያ ፈንታ ሁለት አነስተኛ ገዛን፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ምትኩ እስኪገዛ ውሃው ጨርሶ እንዳይቀዘቅዝ ያቆየዋል።