ከለገሃር አራት ኪሎ

ጠዋት ለገሃር የአራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ያዝኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበርና አስፋልቱ አልደረቀም። ተራዬ ሲደርስ የቀረው የኋላ ወንበር ብቻ ነው፤ ከሁለት ሰዎች መሃል ገባሁ። እጄ ላይ ከሰዓት ግቢ የማቀርበው ወረቀት አለ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ ያመሰጠሽ?» አሉኝ በቀኜ ያሉት እናት።

«እርሳስ ከእርሳስ ሲጋጭ ምን እንደሚሆን ነው፣ እማማ።»

«የሚጻፍበት?»

«አይ፣ ባትሪ ውስጥ ያለው።»

ጄኔቭ አጠገብ ከመሬት በታች ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እዚያ የእርሳስ ኒውክሊየሶችን፣ ማለትም የአቶሙን እምብርት፣ ወደ ብርሃን ፍጥነት አስጠግተው ያላትማሉ። አንዱ ኒውክሊየስ 82 ፕሮቶንና 126 ኒውትሮን ይዟል። ፊት ለፊት ሲላተሙ ከአንድ ግጭት ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ቅንጣት ይረጫል።

እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ይህ ነው፦ ጉልበቱ ያው ሆኖ የቅንጣቱ ብዛት ከግጭት ግጭት ይለያያል። ገሚሱ ምክንያት ቀላል ነው፤ አንዳንዱ በደንብ ይገጥማል፣ አንዳንዱ ጠርዝ ለጠርዝ ተጫጭሮ ያልፋል። የቀረው ከፕሮቶኑ ሆድ ነው የሚመጣው። ተመራማሪዎች ፕሮቶንን እንደ ለስላሳ ድቡልቡል ኳስ ቆጥረው፣ ከእርሳስ ጋር ሲጋጭ የሚፈጠረውን የቅንጣቶች ፍሰት ሲያሰሉ፣ ውጤቱ በሙከራ ከታየው እጅግ አነሰ። ሃምቡርግ የነበረው ሄራ የተባለው ማሽን ኤሌክትሮንን ከፕሮቶን አጋጭቶ ያስቀረው መረጃም ወደዚያው ይጠቁማል፦ የፕሮቶን ቅርጽ አይረጋም። ውስጡ ያሉት ሦስቱ ዋና ቅንጣቶች፣ ኳርኮቹ፣ በየዙሪያቸው እርስ በርስ የሚያጣብቃቸውን የግሉኦን ደመና ይዘው አንዴ ይጠጋጋሉ፣ አንዴ ይራራቃሉ።

አምባሳደር ጋ ሾፌሩ ድንገት ሲታጠፍ ሦስታችንም ወደ መስኮቱ ተለጠፍን። የእማማ ነጠላ ፊቴ ላይ ወደቀ። «ይቅርታ የኔ ልጅ» ብለው ሰበሰቡት። በዚያች ቅጽበት ፎቶ ያነሳን ሰው ቢኖር አንድ ጥቅል ነበር የሚያየው። ግጭቱም እንደዚያ ፎቶ ነው። በጣም ፈጣን ስለሆነ ኳርኮቹ ቦታ ለመቀየር ጊዜ አያገኙም፤ ባሉበት ይያዛሉ። ተጠጋግተው ከተያዙ ጉልበቱ አንድ ቦታ ይታጨቃል፤ የሚረጨው ቅንጣት ብዛትና አቅጣጫም በዚያው ልክ ይለያያል።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ያየዋል?»

«አሊስ የሚባል መሣሪያ አለ፣ እማማ። 10 ሺህ ቶን ይመዝናል።»

«አቤት! እንዲህ ለደቀቀ ነገር?»

«ወራጅ አለ!» ብዬ አራት ኪሎ ወረድኩ። ሐውልቱ ፊት ለፊት ቆሜ ወረቀቴን ገለጥኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፕሮቶንን በኮምፓስ የተሠራ ጥርት ያለ ክብ አድርጌ ስዬው ነበር። ከቦርሳዬ እርሳስ አወጣሁ። ክቡን ሰረዝኩትና ሦስት ነጠብጣብ ወደ አንድ ጎን አስጠግቼ ሣልኩ።