በ57 የሚጀምር ቅቤ

እ.ኤ.አ. በ2006 ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ነው። ጅዳ፣ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ የወተት ተዋጽኦ ክፍል እሠራ ነበር። ሙዲራችን (ሥራ አስኪያጁን የምንጠራበት ዓረብኛ ነው) ግብፃዊ ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ። ጠዋት ሰብስበውን "የዴንማርክ የሆነ ሁሉ ከመደርደሪያ ይውረድ" አሉ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። የዴንማርክ ዕቃ አትግዙ የሚለው መልእክት በየሰዉ ሞባይል ሲዞር ሰንብቷል።

ነገሩ የተጀመረው ከወራት በፊት ነው። ዩላንድስ ፖስተን የሚባል የዴንማርክ ጋዜጣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2005 አሥራ ሁለት ካርቱኖች አወጣ። ከነዚያ ውስጥ ነቢዩ ሙሐመድን ጥምጣማቸው ላይ ቦምብ አድርጎ የሳለም ነበር። የአሥራ አንድ አገር አምባሳደሮች ጠቅላይ ሚኒስትሩን እናነጋግር ብለው ቢጠይቁ አልተቀበሏቸውም። ሳዑዲም በመጨረሻ አምባሳደሯን ጠራች።

ወደ ሥራችን ልመለስ። ሉርፓክ ቅቤ ምንም አያከራክርም፣ ወረደ። ፑክ አይብስ? አርላ የሚባለው የወተት ድርጅት ነው የሚያመርተው። አርላ ግን ያኔ ሪያድ ውስጥ ፋብሪካ ነበረው፤ ባለቤቶቹም የዴንማርክ ብቻ ሳይሆኑ የስዊድን ገበሬዎችም ነበሩ። አብሮኝ የሚሠራው ባንግላዲሻዊ ጭራሽ የሆላንድ አይብ ሲያወርድ ደረስኩበት። "ያው አይደሉም እንዴ?" አለኝ። ደንበኛው ደግሞ ዕቃውን እየገለበጠ ባርኮድ ያያል፤ በ57 ከጀመረ መልሶ ያስቀምጣል። ቁጥሩ እውነትም የዴንማርክ ነው። የሚናገረው ግን ድርጅቱ የት እንደተመዘገበ ነው እንጂ ዕቃው የት እንደተሠራ አይደለም። ይህን ለተቆጣ ሰው ማስረዳት? ኧረ ይቅርብኝ።

በዚያው ሰሞን ከአቅራቢው በኩል አንድ ዴንማርካዊ መጣ። የዕቃው ዝርዝር እኔ እጅ ስለነበር መሀላቸው ቆሜ ሰማሁ።

"ጋዜጣው የእኛ አይደለም። እኛ ቅቤ ነው የምንሸጠው።"

"መንግሥታችሁ ይቅርታ ይበላ!" አሉት ሙዲሩ።

"መንግሥት ስለ ጋዜጣ ምን አግብቶት?"

አንዱ ሌላውን እንደ ዋሾ ነው ያየው። ሁለቱም ግን የሚያውቁትን ነበር የሚናገሩት። ሳዑዲ ውስጥ ያለ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ይሁንታ ዋና አዘጋጅ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። እዚያ ለኖረ ሰው የታተመ ነገር መንግሥት ያወቀው ነው። ዴንማርክ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጋዜጣ ስም ይቅርታ ቢጠይቅ፣ ጉድ የሚባለው እሱ ነው። ዴንማርካዊው "እኛ በሁሉም እንቀልዳለን" ሲል ግን አልተዋጠልኝም። ያው ጋዜጣ በ2003 የኢየሱስን ካርቱን አንባቢ ያስቆጣል ብሎ እንደመለሰ በኋላ ተሰማ። ድንበር እነሱም ጋ አለ ማለት ነው፤ የሚያሰምረው አዘጋጁ ነው።

እኔ ያደግኩት ሥዕለ አድኅኖ በሞላበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ለእኔ ቅዱስን መሳል አክብሮት ነው፤ ስለዚህ ሥዕል እንዴት ስድብ እንደሚሆን አልገባኝም ነበር። ዴንማርካዊው ከሄደ በኋላ ሙዲሩን ጠየቅኳቸው። "መሳሉ ራሱ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ቦምቡ ሲጨመርበት ደግሞ እኔን፣ ልጄን፣ ሁላችንንም አሸባሪ ብለውናል" አሉኝ። ይሄ ገባኝ።

ፌብሩዋሪ 4 ደማስቆ ያሉት የዴንማርክና የኖርዌይ ኤምባሲዎች ተቃጠሉ። በማግስቱ ቤይሩት ተደገመ። የሠራተኛ ማረፊያ ክፍል ቴሌቪዥን ላይ ስናይ በጣም የተናደዱት ሙዲሩ ነበሩ። "ቅቤ አለመግዛት መብቴ ነው። ይሄ ግን ምንድን ነው? አሁን ስለ ስድቡ ማን ይሰማናል?" ብለው ወጡ። ከዚያ የናይጄሪያዋ ማይዱጉሪ መጣች፦ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሰው ተገደለ። የሞቱት ክርስቲያኖች ጋዜጣውን በስሙም የሚያውቁት አይመስለኝም። አለመግዛትን እስከ ዛሬ አልነቅፍም፤ ማንም በገንዘቡ ያሻውን ይግዛ። እዚህኛው ላይ ግን "ተቆጥተው ነው" የሚል ሰበብ አይገባኝም።

በጸደይ ዕቃው ቀስ በቀስ ወደ አንዳንድ መደብሮች ተመለሰ፣ ወደ እኛም። ሙዲሩ አዲስ ሕግ አወጡ፦ የዕቃው ስም፣ አቅራቢው፣ የተመረተበት አገር ተጽፎ ሳይፈረምበት ምንም ነገር ከመደርደሪያ አይወርድም። አቅራቢው በዴንማርካዊው ፋንታ ሊባኖሳዊ ላከ። ሙዲሩ እሱን ስለ ጋዜጣ ምንም አላሉትም፤ ቀኑን ሙሉ ዋጋ ላይ ሲከራከሩት ዋሉ።