ያላስመረመርኳት እባጭ

በ1997 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን እዚሁ ሐዋሳ በቀዶ ጥገና ተገላገልኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጠባሳው ግራ ጫፍ ባቄላ የምታክል እባጭ ወጣችብኝ፤ የወር አበባዬ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው አብጣ ታቃጥለኛለች፣ ሲያበቃም ትሟሽሻለች። አንዱ ሐኪም ሄርኒያ ነው፣ ሌላው የስፌት ክር ያመጣው ቁስል ነው አለኝ፤ ከወር አበባዬ ጋር እንደምትመላለስ ስናገር ግን ካርዴ ላይ የጻፈልኝ የለም።

በ2012 ዓ.ም. በአንድ ክሊኒክ ቦታው ብቻ ደንዝዞ ወጣችልኝ። ነቅቼ ስለነበር ሰሃኑ ላይ ያረፈችውን፣ መሐሏ የቡና አተላ የመሰለ ፈሳሽ የቋጠረች ሥጋ አይቻታለሁ። «ዶክተር፣ ለምርመራ አይላክም?» አልኩት። «ተራ ነገር ነው እህቴ፣ በከንቱ ብር አታውጪ» አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የእርሱ መልስ ብቻ ሳይሆን፣ ወጪው ቀረልኝ ብዬ እኔው ማመስገኔ ነው። ነርሷም ሰሃኑን ደም ከነካው ፋሻ ጋር ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገለበጠችው።

በ2014 ዓ.ም. እባጯ ተመለሰች፤ አሁን የወር አበባዬን ሳትጠብቅ ማደግ ጀመረች። የመርፌ ናሙናው «አደገኛ ሴል አልታየም» ቢልም አዲሷ ሐኪሜ አላመነችውም፤ ዙሪያውን ጤናማ ሥጋ ጨምራ ቆርጣ አወጣችና የሆዴን ግድግዳ በመረብ ጠገነችው። ናሙናውን በፎርማሊን ብልቃጥ፣ ጭኔ ላይ አቅፌ በባጃጅ ላቦራቶሪ ያደረስኩት ራሴ ነኝ። ውጤቱ ክሊር ሴል ካርሲኖማ የተባለ ካንሰር ሆነ፤ ከጎኑም የኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት ሕመም) እጢዎች ተገኙ። ካንሰሩ ከዚያ መነሣቱን ለመናገር ሁለቱ በአንድ ቦታ መታየት እንዳለባቸው ሳምፕሰን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1925 ጽፎ ነበር። ኬሞውን ወሰድኩ፤ ጸጉሬ ረገፈ፣ መልሶም በቀለ።

የጠባሳ ኢንዶሜትሪዮሲስ ወደ ካንሰር የሚለወጠው እጅግ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜም ከረጅም ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ እባጭ ያለባት ሁሉ እንድትሸበር አልፈልግም። ነገር ግን ሕመሙ የሚመጣበትንና የሚሄድበትን ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡና ለሐኪሙ አሳዩት። በመርፌ ናሙና ብቻ «ነጻ ነሽ» ብትባሉ፣ ሐኪም ቢቆጣም እኔ አትቀበሉ እላለሁ። ከሰውነታችሁ የወጣ ሥጋ ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቁም ከአልጋው አትውረዱ፤ ብልቃጥ ከሌለ ይገዛ።

የካንሰር ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን «የፊተኛዋ ውጤትስ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በክትትል ቅጼ ላይ «የቀድሞ ፓቶሎጂ» (የሥጋ ምርመራ ውጤት) ከሚለው ፊት ለፊት ያኔ የተሰመረው ሰረዝ ዛሬም አለ።